አምስተኛው ቀዳዳ

ከመናኸሪያው ማዶ፣ ከባጃጆች ተራ፣
ወስፌና ሙጫዬን ዘርግቼ ስሠራ፣
ሰውን በጫማው ነው አንብቤ የማውቀው፤
የቸኮለ በጫፍ፣ ያዘነ በጎኑ ሶሉን ሲጨርሰው።
ጋሽ ሌዳሞን ግን በቀበቶ ነበር።

በመስከረም መጡ። «ቆዳው ለቀቀ መሰል፣
አንድ ቀዳዳ ብሳልኝ» አሉኝ በፈገግታ።
በሳሁ። ዐሥር ብር ከፍለው ሄዱ ወደ ማታ።
በኅዳር ደገሙ። «ሙቀቱ ነው» አሉ፣
የሐዋሳን ሐይቅ በከዘራቸው እየከሰሱ።
በጥር ሦስተኛውን። በመጋቢት አራት።
«ሽማግሌና ገለባ መቅለሉ ያለ ነው» ብለው ሳቁበት።
እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሰፈሩም «ዕድሜ ነው» አለ።
«ዕድሜ ነው» ከምትል ቃል ጀርባ ስንት ረሃብ ተከለለ!

እኚህ ሰው እኮ
ሠላሳ ሁለት ዓመት በእህል መጋዘን ደጅ ሚዛን ሲጠብቁ፣
የኩንታሉን ጉድለት ገና ሳይሰቀል በዓይን የሚያውቁ፤
ከአንዱ ጆንያ ላይ ኪሎ ስንዴ ቢያንስ፣
ድምፃቸው የሚሰማ፦ «መልስ!» ሲሉ፣ «መልስ!»
ዛሬ ከገላቸው ዐሥር ኪሎ ጠፍቶ
«መልስ» ያለ የለም፣ ሌባውን አግቶ።

በሚያዝያ ሲመጡ ወስፌውን አነሣሁ፤
ቀዳዳ ቆጠርኩና መልሼ አስቀመጥኩ።
«አልበሳም» አልኳቸው።
«ብሩ አነሰህ?»
«ወገቡ ነው ያነሰኝ፣ ጋሽዬ።
ትናንት ምን በሉ?»
«ሻይ።»
«ከሻዩ ጋር?»
«ዳቦ። ነክሬ።»
«ማታስ?»
ፊታቸውን አዞሩ ወደ አሞራ ገደል፣
አባ ኮዳ ወርዶ ከአሣ ሻጮች እግር ሥር ከሚልከሰከስበት።
«ዱካሌ ካረፈች ሰሃኑ ሰፋብኝ» አሉ ቆየት ብለው፤
«ጥርሴም ሦስት ቀርቷል። እሱም አይገናኝ።»

የሙሉነህ ባጃጅ ከጤና ጣቢያው ደጅ ጣለችን።
ሲስተር እቴነሽ ጫማ አስወልቃ ሚዛን ላይ አወጣች
ባለ ሚዛኑን ሰው።
ጎንበስ ብለው ቁጥሩን ቀድመዋት አነበቡ፦
«አርባ አራት» አሉ። «ጉድለት አለው።»
ክፍሉ ውስጥ የሳቀ አልነበረም።

ክንዳቸውን ለካች ባቺ ቀጭን ጥብጣብ፤
ለሕፃን ብቻ ነበር የምትመስለኝ ያቺ።
እግራቸውን በአውራ ጣቷ ተጫነች፣
አፋቸውን በባትሪ አየች፣
ደም ቀዳች፣ ስለ እንቅልፋቸው ጠየቀች፣
ስለ ዱካሌም፤ ያኔ መሃረብ ፈለጉ።
ጥርስ ሐኪም ጋ ላከቻቸው በደብዳቤ።
ከዚያ ጻፈች፣ እኔ እንድይዘው፦
ትንሽ ትንሽ፣ ደጋግሞ፤ ሆድ ሳይጠራ፣ ሰዓት ሲጠራ።
የተፈጨ እንቁላል። እሾሁ የወጣለት አሣ፣ ከነሾርባው።
ቡርሳሜ፣ በወተት ለስልሶ፣ ቅቤው ሳይሰሰት።
አቮካዶ በማንኪያ። ሻይ ከምግብ በኋላ ቆይቶ።
በወሩ ተመልሶ ሚዛን።
ከግርጌ ደግሞ፣ ሁለቴ አስምራ፦
ብቻዎን አይብሉ።
በየፋርማሲው ብዞር ይህችን የሚሸጥ አጣሁ።

እናም ስድስት ሰዓት ሲሆን
ሊስትሮው፣ ሙሉነህ፣ ሎተሪ አዟሪዋ፣ እኔና እሳቸው
ከሸራዬ ሥር አንድ ትሪ ከበብን።
ሾርባው በቴርሞስ ከሐይቁ ዳር ይመጣል።
መጀመሪያ ሰሞን ሦስት ማንኪያ ቀምሰው ይገፉት ነበር፤
አንዳንድ ቀንም ጭራሽ ቀሩ፤ በር አንኳኩተን አመጣናቸው።
ተቆጡ፣ «ልጅ አደረጋችሁኝ» አሉ። ተቆጡ እንጂ መጡ።
አንድ ቀን ሙሉነህ ሲቀልድ ትን እስኪላቸው ሳቁ፣
የቀረውን ሾርባ ሳናያቸው ጨርሰው።

ትናንት ቀበቶውን ፈትተው ከፊቴ ዘረጉት፤
ወገባቸው ሁለት ቀዳዳ ተመልሷል።
«እነዚህን ድፈንልኝ» አሉ፣ ከውስጥ የቀሩትን እያሳዩ።
«ይቅሩ» አልኩ። «ቆዳም ምስክር ይዞ ይዙር።»
ከዚያ ቀና ብለው፣ በዚያ በመጋዘኑ ዓይን፣
ከራሴ እስከ እግሬ መዘኑኝ።
«አንተስ» አሉ፣ «ዛሬ በልተሃል?»
ሰዓቱ ዘጠኝ አልፏል።
ወስፌዬን አስቀመጥኩ።