ገመድ ላይ የተሰጣ ቋንቋ

ሐሙስ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ውሃ የምታይበት ቀን፤
ባልዲ ይንኳኳል ከምድር ቤት እስከ አራተኛችን።
እኔ በረንዳዬ ላይ፣ እግሩ በለቀቀ ወንበር፣
ስለ ጎል ሰዎች ቋንቋ አነብ ነበር።

«ጎል? እንደ ኳሱ?» አለች ጎረቤቴ ዘርፌ፣
አንሶላዋን እያራገፈች፣ እስኪረጥብ መጽሐፌ።
«የሕዝብ ስም ነው። ቋንቋቸው ሞቷል።»
«ነፍስ ይማር። መቼ?»
«ሺህ አምስት መቶ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ማን ያውቃል?
ቋንቋ ሲሞት የትኛው እድር ጥሩምባ ይነፋል?»

«ልጅስ?»
(ለቅሶ ቤትም መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህንን ነው።)
«የለውም፤ ሳይወልድ ሞተ። ዘመዶች ግን አሉት፣
ባሕር ማዶ፣ ዝናብ በማይለቀው ደሴት፤
የአየርላንዱ አለ፣ የዌልሱ አለ፤
የብሬቶኑ ደግሞ በሟቹ ርስት ዳር ጎጆ ተከለ፤
ልጁ ይመስላል፣ ግን አይደለም፣
በታንኳ ተሻግሮ የመጣ የአጎት ልጅ ነው።»

«ዝምድናው በምን ታወቀ? ምስክር አለ?»
እንደ ውርስ ክርክር ያዘችው።
«በአፋቸው ነዋ። ልጅ ለማለት
አይሪሹ ማክ ይላል፣ ከጉሮሮው ጓዳ፤
ዌልሱ ማብ ይላል፣ ከንፈሩን ገጥሞ፤
ሟቹም የከንፈር ወገን ነው፣ ማፖስ ነበር የሚለው።
ልጅ አልተረፈለትም እንጂ፣ ልጅ የሚል ቃልስ ነበረው።»

ዘርፌ መቆንጠጫውን ከጥርሷ አወጣች።
«ታዲያ ምን ትቶ ሄደ?»
«ቁጥር። ሸክላ ሠሪዎቹ የማን ሳህን ስንት እንደሆነ
ሸክላው ላይ ጭረው ጻፉት፦
ኪንቱክስ፣ አሎስ፣ ትሪቶስ፤
አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እቶን።
ቅኔ አይደለም፣ ፉከራ አይደለም፣
የሥራ ሒሳብ።
ወራትን የሚቆጥር ነሐስም ተገኝቷል፣
ተሰባብሮ፣ እኩሌታው ጠፍቶ።

ደግሞ...» አልኩና ገመዷን አየሁ።
የባሏ ሸሚዝ፣ የልጇ የቢፍቱ ቀሚስ፣
ትከሻ ለትከሻ ይንጠባጠባሉ።
«እነዚህ ሁለቱ አንድ ቃል ናቸው አሉ።
አንዱ በፈረንሳይ፣ አንዱ በዐረብ ዞሮ
ካንቺ ገመድ ላይ ተገናኙ ዛሬ።
ሥራቸውን ሲቆፍሩ
አንዳንዱ ሊቅ ጎሎች ደጅ ይደርሳል፣
አንዳንዱ ጀርመኖች ሰፈር ይቀራል፤
እስካሁን አልታረቁም።»

ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ መሐል ላይ ቆመ።
የሸሚዙን እጅጌ ይዛ ጨመቀችው፣
አንዴ የጨመቀችውን።
«አባቴ ጋፋት ነን ይል ነበር፣ ዓባይ ማዶ።
ቋንቋ ነበረን ይላል ሞቅ ሲለው።
አንድ ቃል እንኳ ጠይቄው አላውቅም፤
ልጅ ሆኜ ወሬ ነበር የሚመስለኝ።
የኛውስ... በማን ገመድ ላይ ይሆን?»

መጽሐፉን ገለጥኩ፣ እዚያ ያለ ይመስል።
ታች አንድ ሰው ጮኸ፦ «ውሃ ሄደች!»
የዘርፌ ቧንቧ ሳል ሳል አለው፣
አፉን ከፍቶ አየር አወጣ፣
ከጉሮሮ ይሁን ከከንፈር አልለየሁም።
«ባልዲውን ያዝልኝ» አለች፣ «ያለችው እንዳትፈስ።»