ሽመና ክፍል

አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ከሽመናው ክፍል፣
ማጉ ሲመላለስ፣ ድሩን ሲከፍል፣
ቆሜያለሁ ኮምቦልቻ፣ ማሽን ሲያጓራብኝ፣
ጆሮዬን በየቀኑ ቆንጥሮ ሲወስድብኝ።
እዚያ ቃል አይሠራም፤ ድምፅ ለድምፅ አይበቃም፤
የፎርማኑ ቁጣ እንቅልፋም አያነቃም።
ጎኔ አሰገደች ናት። በጣት ነው ወጋችን፤
ፈረቃው እስኪያልቅ ይዘጋል አፋችን።
አውራ ጣት ወደ አፍ፦ ውሃ።
መዳፍ በጉንጭ ላይ፦ ልጅሽ ተኛችልሽ?
ስንት ሐሜት፣ ስንት ለቅሶ
በእጃችን አለፈ፣ የጥጥ ብናኝ ለብሶ።

ማታ ቤት ስገባ፣
እጄን ታጥቤ፣ እጄን አድርቄ፣ እጄን ረስቼ፣
ልጄን እጣራለሁ፣ አፌን በሰፊው ከፍቼ፦
ረምላ!
ጎረቤት ይሰማል፤ የጎረቤት ውሻ ይሰማል፤
ከቦርከና ማዶ አሸዋ የሚጭነው ሰው ይሰማል።
ረምላ ጀርባዋን ሰጥታኝ
የለስላሳ ቆርኪ በቆርኪ ላይ ትደረድራለች።

ያልተደረገ የለም። ዱዓውም ጸበሉም፤
ወሎ ነው አገሩ፣ ሁለቱ አይጣሉም።
ሐረጎን ወጥተናል ወደ ደሴ፣ በሚኒባስ፣
ጉሙ መስታወቱን በመዳፉ ሲዳብስ።
ሐኪሙ ጆሮዋ ውስጥ መብራት አበራ፤
እሷ ከንፈሩን ስታይ፣ እሱ ከእኔ ጋር አወራ።
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤
የእሷን ግን ዘመዶች ባለቤት ነን አሉ፦
«ቅቤ አንጠብጥቢበት።» «ተይው፣ ይከፈታል።»
«ምን ትማራለች? ቤት መጥረግ ይበቃታል።»

መምህር አሊጋዝ በሬን አንኳኳ።
«ማነው?» ብዬ ጮህኩ። ዝም።
«ማነው?» ደግሞ ዝም።
ብከፍት ፈገግ ብሎ ጆሮውን ነካ፤ እሱም አይሰማም።
ደብተር አወጣና ጻፈልኝ፦
«ስምንት ዓመቷ ነው። ስሟን ታውቃለች?»

ስሟን?
ስምንት ዓመት ሙሉ የጮህኩት ምን ነበር?
ለካ ስሟን የለመደው የጎረቤት ውሻ ነበር።

አሥራ አንድ ልጆች፣ አንዲት ክፍል፣ ከግምጃ ቤቱ ጀርባ።
ወንበሩ በግማሽ ክብ፣ አንዱ አንዱን እንዳይጋርድ።
ይማም የሚመጣው ከሐርቡ ነው፣ ብቻውን፤
«ወራጅ» ማለት ሲያምረው ይደበድባል የታክሲውን ጣራ።
በሩ ሲጠረቀም የሚደነግጥ የለም፤
መብራት ሲጠፋ ግን ዝም ይላል ዓለም።
ያኔ አሊጋዝ ሻማ ይለኩሳል፤
ሻማው ካለቀ ደግሞ
የልጁን መዳፍ ይዞ፣ መዳፉ ላይ ይጽፋል።

ቅዳሜ ወላጅ ተጠራ። ልጆቹ ስም አወጡልን፣ በእጅ።
የአንዱ አባት ስም ሪዝ፤ የአንዷ እናት ስም ጠባሳ።
ረምላ ተራዋ ደርሶ ስትነሳ
አውራ ጣቷን ከሌባ ጣቷ አገናኘች፣
አሸት አድርጋ ሳበች፦
የተበጠሰ ክር ስቋጥር።

የት አየችኝ?

አንድ ሌሊት ነው። የምትይዝልኝ ሰው አጥቼ፣
ጥጥ ጆንያ ላይ አስተኛኋት፣ ከፎርማን ዓይን ሸሽቼ።
አልተኛችም ለካ።
ማንም ማንንም በማይሰማበት፣
ሰው ሁሉ እሷን በሆነበት፣
እናቷ በእጇ ስታወራ፣ በእጇ ስትቀልድ አየች።
ከዚያ ነጋ። ቤት ገባን።
እጄን ታጠብኩ።

ምን ብላ ይሆን ያን ጠዋት? አልጠየቅኋትም።
ለመጠየቅ የሚበቃ ቃል ገና አልያዝኩም።
ጣቴ ቋጠሮ እንጂ ፊደል አልለመደም፤
ትናንት «ራት ብዪ» ልላት «ዝናብ ብዪ» አልኳት።
ሳቀች። ሳቋ ድምፅ አለው፤
ስምንት ዓመት በላዩ ላይ ስጮህበት ኖሬያለሁ።
ቀጥላ ጠየቀችኝ፦ ያቺ፣ ጎንሽ የምትቆመው፣
የምታስቅሽ ሴት፣ ስሟ ማነው?
እጄን ሳነሳ አምፖሉ ቀላ፣ ደከመ፤
ክንዴን ጨብጣ ወደ መስኮቱ ጎተተችኝ፦
ቶሎ፣ ትላለች በጣቷ፣
ቶሎ፣ ሳይጨልም ንገሪኝ።