አራሚ

ሥራዬ ማረም ነው፣ ማሳዬ ወረቀት፣
አቃቂ፣ ማተሚያ ቤት፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ከጧት እስከ ማታ ሰዓት፤
የጎደለ ፊደል፣ የተረሳ ነጥብ እያደንኩ በቀይ፣
ከረድፍ ወደ ረድፍ፣ ጎንበስ እንዳልኩ፣ ቀና ብዬ ሳላይ።

ወርቅያንሹም አራሚ ነበረች፤ የእሷ ግን በጥፍሯ፣
ቱሉ ዲምቱ ሜዳ፣ መረሬው ጭቃ ሌላ ጫማ ሆኖ በእግሯ፤
ከአርባ ሴት ጋር ጎንበስ ብላ
ስናሩን ከስንዴው በአንገቱ ለይታ፣ መጩን ሳያብብ ነቅላ፣
ማታ የቀን ዋጋዋን በመቀነቷ ቋጥራ
ትገባ ነበረ ከጭቃዋ ጋራ።

ዘንድሮ በሰኔ፣ ገና ማረሻ ሳይገባ፣ ጉርሜሳ መጣ፣
ሃያ ሊትር አዝሎ፣ አፉን በሻርፕ አስሮ፣ በኪራይ መርጫ፤
የአርባ ሴት ሳምንት በግማሽ ቀን አለቀ፣
ማንም አልተጣላ፤ ባለመሬቱ ሒሳቡን ዐወቀ፤
መሬቱም ቢሆን ዕድሜው አጭር ነው፣
ኮንዶሚኒየሙ ድንበር ላይ ቆሞ፣ በመስኮቱ ሁሉ አፍጥጦ የሚያየው።

ያን ለት ነፋስ ነበር።
ከአጥሩ ወዲህ የወርቅያንሹ ድንች፣ አራት መደብ፣ ከቦዩ ዳር።

ድንቹ ምንም አልሆነ። ሦስት ቀን፣ አራት ቀን፣ እንደ ለመለመ፣
ፀሐይ እየጠጣ፣ ውሃ እየሳበ፣ ጤነኛ መስሎ ቆመ።

ይህን የማውቀው ካረምኩት ነው፣ ሰማያዊ ሽፋን ካለው መምሪያ፣
ለገበሬ ከሚታደል፣ ስለ ፀረ አረም መርጫ።
ቅጠል ላይ ያረፈው ጠብታ ችኩል አይደለም፣
ከስኳሩ ጋር ተሳፍሮ ሥር ይወርዳል፣ ቀንበጥ ይወጣል፣ አያቃጥልም፤
እዚያ፣ አዲስ አካል በሚጻፍበት፣ አንዲት ኢንዛይም ተቀምጣለች፣
ለሚመጣ እንግዳ ክፍት ወንበር ስባ ትጠብቃለች፤
መርዙ ይቀመጥበታል። አይሰብርም፣ አያደማም፤
ይቀመጣል ብቻ። ተነሥ ቢሉት አይሰማም።

የተክል ፊደል ሃያ ነው፤ በዚያው በሃያ ነው የሚጻፍ
ሥሩም፣ ቅጠሉም፣ የቀንበጡም ጫፍ።
ከሃያው ሦስቱ ቀሩ፦
ፌኒልአላኒን፣ ታይሮሲን፣ ትሪፕቶፋን፣ ከገበታው ተፋቁ፣ ተሰወሩ።
እስኪ ከፊደል ገበታ ሦስት ረድፍ ፋቅና «መድኃኒት» ብለህ ጻፍ
(መርዙን የምንጠራው እንዲያ ነው፤ ይታለፍ)፤
ተክሉ «መ» ይላል። ይጠብቃል። «መ» ይላል እንደገና፣
ጅምር ቃል በየሕዋሱ ይከመራል፣ የሚዘጋው የለምና፤
ብርሃን ሞልቶለት፣ ውሃ ሞልቶለት፣ ስኳሩ እስከ አንገቱ ደርሶ
ይራባል፣ ፊደል አንሶ።

በስድስተኛው ቀን ከጫፉ፣ ከልቡ፣ ቢጫ ጀመረ።
ወርቅያንሹ በሬን መታች፤ በፌስታሏ አንድ እግር ድንች ከነአፈሩ ነበረ።
«አንቺ አራሚ አይደለሽ? በይ እንግዲህ አርሚልኝ» አለች።
አልቀለደች።
ስለ ሃያው ፊደል ነገርኳት፣ ሦስቱ እንደ ጎደሉ።
«እኔስ መች ፊደል ቆጠርኩ? አለሁ አይደል?» አለችኝ፣ ዝም ብላ ሰምታኝ ሁሉን በሙሉ።

ማታ መምሪያውን ከፈትኩት። ገጽ ሠላሳ አንድ፣ ከታች፦
«ነፋስ ባለ ጊዜ ይረጭ።»
«አ» የለችም። «አይረጭ» ነበረ።
አንዲት ፊደል፣ በእኔ እጅ ያለፈች።

ጉርሜሳ መምሪያውን አላየም፤ ጠይቄዋለሁ።
ነፋሱንም ዐውቋል፤ «መርጫው በስድስት ሰዓት ይመለሳል» አለኝ፣ «ኪራይ ከፍያለሁ»።
ጥፋቱ እንግዲህ የእኔ አይደለም፤
ይህንኑ ለራሴ ስነግር ነጋ፣ ዐይኔን ሳልከድንም።
በእኔ ቅጂ ላይ «አ»ን በቀይ ጻፍሁ።
የቀሩት ሁለት ሺህ የት የት እንዳሉ አላወቅሁ።

ሐምሌ አጋማሽ፣ ከመደቡ መጀመሪያ የበቀለው መጭ ነው፣
ሁለት ቅጠል፣ ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ዝናብ ያጎነበሰው።
ወርቅያንሹ ቁጢጥ ብላ አየችው፤ እጇ ሄደ፣ ልማዱ ነው፤
ተመለሰ።
«ተይው» አለችኝ፣ እኔ እንኳ ሳልነካው፣ «የሚጽፈውን እንየው።»