የኋላ ኋላ

መጋቢት ገብቶም መንገዱ ላይ ጨው ነው፤
በረዶን ሊያቀልጥ የተነሰነሰው
ብረቱንም አብሮ ቀስ እያለ ቀመሰው።

እኔ መጽሐፍ የማውሰው በመኪና ነው፤
ከፊዮርዱ አፍ እስከ ጓዳው አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።
ሁለት ሺህ ጥራዝ ከኋላዬ ይንቋቋል፤
ቁልቁለት ስንወርድ ሁሉም ወደ ፊት ይንጠራራል።
ክብደት እንዲያ ነው፦ ፍሬን ሲረገጥ ይሰግዳል ወደ ፊት፤
የፊቱን ጎማ ይጫናል፣ የፊቱ ሸራ ያልቃል በፊት።
ሁለቴ የፊቱን ብትቀይር አንዴ የኋላውን ነው ደንቡ፤
ኦድላውግ ናት ያስተማረችኝ፣ ጋራዟ ካለበት ከወደቡ።

የፊቱ ሲሳሳ ይጮኻል፤ ትንሽ የብረት ምላስ አለችው፣
ዲስኩን ስትልስ የምታፏጭ፣ ሹፌሩን ‘አልቄያለሁ’ የምትለው።
በመስከረም አፏጨች፤ ሰማኋት፤ ቀየርን ሁለቱንም ጎን፤
አንዱን ብቻ ከቀየርክ መኪናዋ ትስባለች ወደ አንድ ወገን።
የኋላውን በባትሪ አየሁት በቸርኬው ቀዳዳ፤
አምስት ሚሊ አለው፤ ‘ደህና ነው’ አልኩ፤ ተነሣሁ ያለ ዕዳ።

ማክሰኞ ዕለት ከዋሻው ወጥቼ፣
ስድስተኛው መታጠፊያ ላይ ገና ፔዳሉን ነክቼ፣
ቢላ በሸክላ ላይ እንደሚሳብ
አንድ ነገር ከኋላዬ ፋቀ፤
ጥርሴ ሥር ተሰማኝ፣ እጄ ከመሪው ጋር ተጣበቀ።
ዛፍ በፍሬው ይታወቃል፣ መኪና ደግሞ በፍሬኑ፤
ቁልቁለት ላይ ነው የሚለየው ውሸቱ ከእውኑ።
ማርሽ አወረድኩ፣ ሁለተኛ፣ አንደኛ፤ ሞተሩ እያቃሰተ
በእግሬ ሳይሆን በእሱ ጉሮሮ ወረድን፤ ወደቡም ተከሠተ።

ኦድላውግ ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ አትቸኩልም፤ ብዙ አታወራ፤
በማግስቱ ክሪኩን ከሥር አስገብታ ቡሎኑን ፈታች ተራ በተራ፤
ጎማውን እንደ ድስት ክዳን አነሣችው በአንድ እጅ፤
ሁለቱን ሸራ አወጣች፤ ጋዜጣ ላይ አኖረቻቸው፣ ብርሃን ካለበት ከደጅ።

ወደ ውጭ የሚያየው፣ እኔ ያየሁት፣ አምስት ሚሊው እንዳለ።
ወደ ውስጥ የሚያየው ግን የለም፤ ብረት ከብረት ጋር ውሏል፤
ጨው የበላው ፒን ደርቆ፣ አልላወስ ብሎ ካሊፐሩ፣
ሸክሙን በሙሉ አንዱ ተሸክሞ፣ ባልንጀራው ሲያርፍ ከዳሩ።
ለእሱ ደግሞ ምላስ አልተሠራለትም።

‘ከውጭ ነው ያየኸው’ አለች፤ ‘አዎ’ አልኩ፤ ዓይኔን አላነሣሁም።
‘ሦስት ሚሊ ሲቀር ታስባለህ፤ ሁለት ሲቀር አትነዳም።
የፊቱ ይነግርሃል፤ የኋላውን ካልፈታህ አታይም።’

ዲስኩን ስትለውጥ፣ ፒኑን ፍቃ ቅባት ስትቀባ፣
እኔ ሣጥን ላይ ጓንቴን ሳሻሽ ጉድሙንድ ልቤ ገባ።
አሥራ አንድ ዓመት ከኋላዬ፣ መደርደሪያ መሀል ተደብቆ፣
የተመለሰውን መዝግቦ፣ የተገነጠለውን በሙጫ አጣብቆ።
ሰው ሰላም የሚለው እኔን፤ ዓሣ የሚሰጡትም ለእኔ፤
እሱን በመስታወት ነበር የማየው፣ ያውም በጎን ዓይኔ።
‘ደህና ነህ?’ ‘ደህና ነኝ።’ ይኸው ነበር የእኛ ወግ፤
ኅዳር ላይ ቀረ። ‘ወገቡን ነው’ አሉ። አላልኩም ልፈልግ።
አሥራ አራት ማክሰኞ በደጁ አለፍኩ፤ ጭሱ ከጣሪያው ሲወጣ
‘ደህና ነው፤ አምስት ሚሊ አለው፤ ማን ጠራኝ ብዬ ልምጣ?’

ኦድላውግ ጎማውን አጠበቀች፤ እጇን በጨርቅ ጠራርጋ፦
‘አዲስ ሸራ ዲስኩን እስኪለምድ ቀስ በል፤ እርጋ።
ሠላሳ ጊዜ በለስላሳው ያዝ፤ እንዳትረግጥ አጥብቀህ፤
ሲከርምም ጨው ሲያበቃ ታየዋለህ እዚህ መጥተህ፣
ጎማውን አውልቀህ።’
አራት ሺህ ሁለት መቶ ክሮነር ከፈልኩ። አሮጌዎቹን ጠየቅኋት።
‘ለምን?’ አላለችም። ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ጋዜጣዋን ኪሴ ከተትኳት።

ሲመሽ ጉድሙንድ ደጅ ያዝኩ። በለስላሳው። ዘጠነኛዬ ነበር።
በሩን ከፈተ። ከስቷል፤ ሹራቡን ገልብጦ ለብሷል።
‘ረቡዕ ነው፤ ዛሬ በዚህ አታልፍም፤ ምን እግር ጣለህ?’
‘የኋላውን ላይ ነው’ አልኩት። ‘የምን ኋላ? ምን ሆንህ?’
መልስ አልነበረኝም፤ ጋዜጣውን ከነብረቱ ሰጠሁት።
ገለጠው። ወፍራሙን ተወው።
ያለቀውን በአውራ ጣቱ ቆይቶ፣ ቆይቶ ዳበሰው፤
ከዚያ ከበሩ ዞር አለልኝ።