የረጠበ መዝገብ

ባሕሩ ሌሊት ገብቶ ቤይራን አጥቦ ወጣ፤
የፌሊዝሚና ጉልት ከነጣራው ታጣ።
ሦስት ጆንያ ዓሣዋ፣ በጨው የደረቀ፣
ወደ መጣበቱ እየዋኘ ራቀ።

ያበዳሪው ማኅበር መዝገቡ እንኳ ረጥቦ፣
ስሟ ቀልጦ ጠፍቶ፣ ቁጥሩ ተንጠባጥቦ፣
«ዕዳ ነበረብሽ?» አርሚንዶ ጠየቃት።
«የለም» የሚል አንድ ቃል አፏ ላይ ጣፈጣት።

ከኋላዋ አራት ሴት፣ ዋሶቿ፣ ቆመዋል፤
የአንዷ እጅ በፋሻ፣ የአንዷ ልጅ ይስላል።

«ሺህ ከሁለት መቶ ሜቲካል አለብኝ፤
ጻፈው፤ የሰው ገንዘብ ጎርፍ አይክፈልልኝ።»

በአሮጌው ዕዳ ላይ አዲሱን ደረበ፤
አምስቱም አውራ ጣት በተራ ቀረበ።
ገንዘቡ ችሮታ፣ ምጽዋትም አይደለም፤
ወለድ እንደ ስሙ ከመውለድ አያርፍም።
ቅዳሜ ቅዳሜ እጁን ይዘረጋል፤
ዓሣው ባይሸጥ እንኳ እሱ ይፈለጋል።

ዛሬ አንድ ጆንያ ነው። ጣራው ሸራ ብቻ።
ጀርባዋን ሰጥታለች ለባሕሩ ዳርቻ።
ቀዳሚዋ ገዢ ሁለት ዓሣ አነሣች፤
«ለሐሙስ ልክፈልሽ፤ በዱቤ ነው» አለች።
ፌሊዝሚና ሳቀች።
እርሳሷን ፈለገች።