ከአንድ ብርቱ

ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጎን፣
ሰማያዊ በር ካለው ክሊኒክ ገብተን
እኔና እናቴ ተራ እንጠብቃለን።
የጦሳ ጭጋግ ከእኛ በፊት ገብቶ
አግዳሚው ላይ ውሏል፣ እግሩን ዘርግቶ።

ነገ ጠዋት በረራ ነው ከኮምቦልቻ፤
ሁሉ ተሟልቷል፣ የቀረን ወረቀት ብቻ፤
«ከቫይረሱ ነጻ» የሚል፣ ባለ ማኅተም፤
ያለ እሱ አውሮፕላን የለም፣ ጅዳም የለም።

ሰዓዳን ካየናት አሥራ አንድ ዓመት ሆነ፤
የእናቴን ዓይን ደግሞ ሞራ እየከደነ፤
«ጨርሶ ሳይጋረድ ፊቷን ልየው» ብላ
ጊደሯን ሸጣለች፣ ሰኞ ገበያ ውላ።

«ቀና ይበሉ፣ ትንሽ ይታገሱ፣ እማማ!»
አለች ነርሷ። ቀጭን እንጨት መጣች፣ በጥጥ ተሸልማ፣
አፍንጫዋ ውስጥ ዞራ ዞራ ተመለሰች።
እናቴ እንባዋ ወርዶ፣ እያነጠሰች፦
«አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ሲሉ
እውነት ነው ለካ፤ ይኸው ዓይኖቼ አሉ፤
ለማየት ቢሰንፉም ለእንባ ይሠራሉ!»
ሳቀች። ነርሷም ሳቀች፣ በጭንብሏ ውስጥ።

የእኔም ተራ ደረሰ። እስከ አሥር ቆጠርኩ፤
ሐሳቤን የነካችው መስሎኝ ደነገጥኩ።

ሦስት ሦስት ጠብታ።
«አሥራ አምስት ደቂቃ» ብላ ነርሷ ወጣች፣
በሩም በስተኋላዋ ተዘጋ።
እናቴ ከጉያዋ የሰዓዳን ካርድ አወጣች፣
የስምንተኛ ክፍሉን፣ በላስቲክ የተጠቀለለውን።
«ሦስተኛ ወጥታ ነበር» አለች።
«የሰው ቤት ስታጸዳ ረስታው ይሆናል።»

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ነጫጭ ፕላስቲክ፣
ስማችን በእስክሪብቶ ተጽፎባቸው።
በጦይባ ይመር ላይ አንድ ቀይ መስመር፣ ቁልጭ ያለ።
በኑረዲን ላይ አንድ፣
ከሥሩ ደግሞ
እንደ ከረመ እንሶስላ የደበዘዘ
ሌላ።

«ስንት ነው?» አለችኝ።

አውራ ጣቴን አስጠጋሁ። ልክ ይሸፍናታል።
«አንድ» ብላት ታምነኛለች፤
ነርሷንም ለምኜ፣ ኪሴን ዳብሼ…
ግን አውሮፕላኑ ውስጥ ከጎኔ የምትቀመጠው ማን ናት?
ትከሻዬ ላይ ተደግፋ የምታንቀላፋው?

«ያንቺ አንድ፣ የእኔ ሁለት» አልኳት።
ፊቷ በራ፦
«እሰይ ልጄ! ከአንድ ብርቱ
ሁለት መድኃኒቱ!»

ለዚህ ተረት መልስ አልነበረኝም።
ጣቴን አነሳሁ። መስኮቱን ከፈትኩ።

በማግስቱ፣ ከጎረቤታችን ልጅ ከሐያት ጋር፣
ሚኒባሱ ውስጥ አስገቧት።
እኔ በጭንብል፣ ከመንገዱ ማዶ፣
«አይዞሽ» እላለሁ፤ ሞተሩ ይውጠዋል።
ወደ ሐረጎ ቁልቁል ሊታጠፍ ሲል
እጇ በመስኮት ወጣች፣
ተውለበለበች፣ ደጋግማ፣
ለመብራት ምሰሶው።

ሮጥኩ።
ሄጄ ምሰሶው ሥር ቆምኩ።