የአማቴ ፍየል

ሐምሌና ነሐሴን ጭቃ ረግጣ ከርማ፣
ኮቴዋ ጠመመ እንደ አሮጌ ጫማ፤
የዓባይን ገደል ስትዘል ያደገች፣
ዳልቻ ኩራር ደጅ ላይ ማነከስ ጀመረች።

አዲስ አማች ነኝና፣ ጉልበቴ እንዲወራ፣
ቀንዷን በግራ እጄ፣ በቀኜ ካራ፣
ወደኔ ሳብኋት። እሷ ግን ሳበችኝ፤
ከነአዲሱ ኩታዬ ፍግ ላይ አነጠፈችኝ።
ተነሣሁ፤ ወደቅሁ።
ሚስቴ ሳቋን ስትውጥ በጎን አየሁ፤
ፍየሏን እስከ ሰባት ቤቷ ሰደብሁ።

አማቴ አንጓች መጡ፣ ምንም ሳይቸኩሉ፣
መቀነት አጥብቀው «አትጎትታት» አሉ።
«ልጇን ለፋሲካ፣ ቀንዱን ይዘን ስበን፣
እዚሁ፣ እሷ እያየች፣ በዚሁ ካራ አረድን።
እሷ ምን ታውቃለች፣ ጥፍር ይሁን አንገት?
ካራውን ሸሽገህ ተጠጋት በደረት።»

ቆምሁ። ልቧ ሲመታ በኩታዬ ሰማሁት፤
ጨው ስትልስ ካማቴ እጅ፣ እግሯን አጠፍሁት።
ጥፍሯን ቀስ እያልሁ፣ እንደ ሸንኮራ ቅርፊት፣
ላጥሁት ነጩ እስኪወጣ፣ ደም ሳይነካ ስለት።
አራተኛውን ራሷ ሰጠችኝ፤ ወይ መሰለኝ።
ሳታነክስ ሄደች። ዞራም አላየችኝ።

መስቀል አራት ቀን ቀረው። ታናሹ ልጇ አለ።
«ቀንዱን ማን ይይዛል?» ሲባል፣
ቤቱ ሁሉ እኔን አየ።